ጣራው ሲያፈስ ማን ይከሰሳል?

የአዲስ አበባ ክረምት የቤት መርማሪ ነው። በጋውን ሙሉ ደህና መስሎ የከረመ ቤት በሐምሌ ጉዱ ይወጣል። ቆርቆሮው የት ላይ እንደዛገ፣ ምርጊቱ የት ላይ እንደተሰነጠቀ፣ ከቋሚዎቹ የትኛውን ምስጥ እንደበላው ዝናቡ አንድ በአንድ ይናገራል። አልጋውን ከጠብታው እያሸሸ፣ ባልዲና ሳህን በየቦታው እየደቀነ የሚያድር ተከራይ የሚያነሣው ጥያቄም ዕድሜው ከከተማይቱ ጋር የሚስተካከል ነው። ይህን ቤት የማደስ ግዴታ የማን ነው? ግዴታ ያለበት ሰው እምቢ ቢልስ አቤቱታው ወዴት ነው?

ለዚህ ጥያቄ አገራችን ሁለት የተለያዩ መልሶች ሰጥታለች። አንደኛው በሕግ መጽሐፍ ላይ የሰፈረ ሲሆን ሁለተኛው በአብዮት የመጣ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ የተመለከተ ሰው፣ የቀበሌ ቤት እንዴት ዛሬ ያለበት ሁኔታ ላይ እንደደረሰ ለመረዳት ብዙም አይቸገርም።

ከመጀመሪያው እንነሣ። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በሬኔ ዳቪድ የተረቀቀና 3,367 አንቀጾች ያሉት ግዙፍ ሕግ ነው። ስለ ቤት ኪራይ በሚናገረው ክፍሉ የአከራይንና የተከራይን ድርሻ ለይቶ አስቀምጧል። አከራይ ቤቱን ለታሰበለት አገልግሎት በሚመች ሁኔታ ማስረከብ ብቻ ሳይሆን ውሉ ጸንቶ እስካለ ድረስ በደህና ሁኔታ የመጠበቅ ግዴታ አለበት። በሌላ ስምምነት ካልተለወጠ በቀር በርና መስኮትን፣ የወለል ሳንቃን፣ የውሃ ቧንቧን የመሳሰሉ ጥቃቅን ጥገናዎች የተከራይ ናቸው። ሆኖም ጉዳቱ የደረሰው ከዕቃው እርጅና ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ከሆነ እነዚህም ቢሆኑ በተከራይ ላይ አይወድቁም። የሽንት ቤት ጉድጓድ ማስጠረግ ሳይቀር የአከራይ ሥራ ነው።

ግዴታውን ያልተወጣ አከራይ ምን ይደረጋል ለሚለውም አጠቃላዩ የውል ሕግ መልስ አለው። ውሉ ያልተፈጸመለት ወገን እንዲፈጸምለት ወይም እንዲፈርስለት መጠየቅ፣ ለደረሰበትም ጉዳት ካሣ ማግኘት ይችላል። የዚህ ሁሉ መሠረት አንድ ቀላል ሐሳብ ነው። ኪራይ ሊኖሩበት ለሚቻል ቤት የሚከፈል ዋጋ እንጂ አራት ግድግዳ ስለታየ ብቻ የሚሰጥ ግብር አይደለም።

እርግጥ ነው፤ በወረቀትና በኑሮ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነበር። የያኔው የአዲስ አበባ ድሃ ተከራይ በባሕር ዛፍ ማገር፣ በጭድና በጭቃ በተሠራች አንዲት ክፍል ውስጥ በቃል ውል የሚኖር ሰው ነው። ምርጊቱ በየጊዜው ካልተለሰነ የሚረግፍ፣ የግድግዳው እግር እርጥበት ካገኘው የሚበሰብስ ቤት ነው። ለባለቤቱ «ጣራውን አድስልኝ» ቢለው «ካልተመቸህ ልቀቅ» የሚል መልስ ሊያገኝ ይችላል። ፍርድ ቤት መመላለሻና ጠበቃ ማቆሚያ ከየት ያመጣል? ይሁን እንጂ ሕጉ አንድ ትልቅ ነገር ይዞ ነበር። ተከሳሹ ስም ያለው፣ መልክ ያለው፣ በዳኛ ፊት ሊቆም የሚችል ሰው ነው። ዳኛውም ሌላ ሰው ነው።

ከዚያ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 በዚያው በክረምት አጋማሽ ታወጀ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደረገ። ከከተማ ቦታና ከቤት ኪራይ ገቢ ማግኘት ለግለሰብ ተከለከለ። ዝቅተኛ ኪራይ ይከፍሉ ለነበሩት ኪራዩ እስከ ግማሽ ድረስ ተቀነሰላቸው። ያን ዕለት የነበረውን ደስታ ዛሬ ላይ ሆኖ ማናናቅ ፍትሐዊ አይሆንም። በየወሩ መጨረሻ የአከራዩን ኮቴ እየሰማ ሲሳቀቅ ለኖረ ሰው «ውጣ» የሚለው ቃል ከሕይወቱ መውጣቱ ቀላል ነገር አልነበረም። በሌላው ወገን ደግሞ ዕድሜ ልኩን ለፍቶ ሁለት ክፍል አከራይቶ ይጦር የነበረውም አነስተኛ ባለቤት ከትልቁ ባለሀብት ጋር አብሮ መወረሱ አይዘነጋም።

አዋጁ የተወረሱትን ቤቶች በአንድ የገንዘብ መስመር ለሁለት ከፈላቸው። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በላይ የሆኑት በተለምዶ «ኪራይ ቤቶች» ወደምንለው መሥሪያ ቤት ሄዱ። ይህ መሥሪያ ቤት ስሙ እየተለዋወጠ መጥቶ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ሆኗል። 100 ብርና ከዚያ በታች የሆኑት ግን ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ለቀበሌዎች ተሰጡ። በድንጋይና በጡብ የተሠሩት ቤቶች በአመዛኙ የቤት አስተዳደር ሙያ ወዳለው ክፍል ሲሄዱ፣ በየዓመቱ ምርጊት የሚሹት የጭቃ ቤቶች ባለሙያም በጀትም ለሌለው ቀበሌ ቀሩ። ይበልጥ ጥገና የሚፈልገው ቤት ለመጠገን አቅም ለሌለው አከራይ ተሰጠ ማለት ነው።

እስኪ ሒሳቡን እንመልከተው። በወር 6 ብር የሚከፈልበት ቤት በዓመት የሚያስገባው 72 ብር ነው። በዚህ ገንዘብ ስንት ቆርቆሮና ስንት ኪሎ ሚስማር እንደሚገዛ አንባቢ ይገምተው። ያውም የቀበሌ ገቢ ለቤት ጥገና ብቻ የሚውል አልነበረም። የሠፈሩ ሌላ ጉዳይም ሁሉ ከዚያው ኪስ ይጠብቅ ነበር። የዕቃ ዋጋ እየናረ ሲሄድ ኪራዩ ለአሥርተ ዓመታት ባለበት ቆመ። ርካሽነቱ ለተከራዩ እፎይታ፣ ለአከራዩ ደግሞ ሰበብ ሆነ። «ስድስት ብር እየከፈልክ ምን ልታደርግ ትፈልጋለህ?» ለሚል ሹም ምን መልስ ይሰጣል?

ከገንዘቡ የባሰው ግን የዳኝነቱ ጉዳይ ነው። ያው አዋጅ በየቀበሌው የፍርድ ሸንጎ አቋቁሞ በከተማ ቦታና በቤት የሚነሣ ክርክር በዚያ እንዲታይ አደረገ። አሳቡ ድሃው ከፍርድ ቤት ምልልስና ወጪ እንዲድን ነበር። ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ። ቤቱን የሚያከራየው ቀበሌ፣ ኪራዩን የሚሰበስበው ቀበሌ፣ አቤቱታውን የሚሰማውም ቀበሌ! የስኳርና የዘይት ራሽን የሚታደለው፣ መታወቂያ የሚሰጠው በዚያው ግቢ በነበረበት ዘመን «ጣራዬ ፈሰሰ» ብሎ አከራዩን የሚከስ ማን ነው? አበው «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። እዚህ ግን ባለቤቱን መናቅ ቀርቶ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ለይቶ ማወቅም አስቸጋሪ ሆነ። ቤቱ የሁሉም ተባለና የማንም ሳይሆን ቀረ።

ታዲያ እነዚያ የጭቃ ቤቶች ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት ቆሙ? መልሱ ተከራዮቹ አቆሟቸው ነው። ለክዳኑ ቆርቆሮ፣ ለኮርኒሱ አቡጀዲ እየገዛ፣ ልስኑን በየበዓሉ እያደሰ፣ የበሰበሰውን ቋሚ እየለወጠ ያኖራቸው ነዋሪው ነው። በሕጉ የአከራይ ሥራ የነበረው የጋራ ሽንት ቤት ማስጠረግ የጎረቤት መዋጮ ሆነ። ይህንንም ለማድረግ የዕድሳት ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ግድግዳውን ከጭቃ ወደ ብሎኬት ለመቀየር ወይም አንዲት ክፍል ለመጨመር የፈለገ ሰው ቤቱ የእርሱ አለመሆኑ ይነገረዋል። ሲፈርስበት ግን «የምትኖርበት አንተ ነህ» ይባላል። ለመጠገን ባለቤት፣ ለማሻሻል እንግዳ! የቀበሌ ቤት ተከራይ ዕጣ ይህ ነበር።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ቢለወጥም ይህ ዕጣ አልተለወጠም። ከአዋጅ ውጭ የተወሰዱ ቤቶች ለባለቤቶቻቸው የሚመለሱበት መንገድ ሲከፈት፣ በአዋጅ 47 መሠረት የተወረሱት በመንግሥት እጅ ቀሩ። ከመቶ ሺህ የሚበልጡት የአዲስ አበባ የቀበሌ ቤቶችም እንደዚያው። ከዚያ የመልሶ ማልማት ዘመን መጣ። ልደታ፣ ካዛንቺስ፣ አራት ኪሎ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ፒያሳ ፈረሱ። ለማፍረሱ የተሰጠው አንዱ ምክንያት ቤቶቹ ማርጀታቸውና ለኑሮ የማይመቹ መሆናቸው ነው። እውነት ነው፤ አርጅተዋል። ግን ያረጁት ለምንድን ነው? የማደስ ግዴታ የነበረበት አከራይ የራሱን ቸልተኝነት ለማፍረሻ ማስረጃ አድርጎ ሲያቀርብ፣ ተከራዩ ለዓመታት ያፈሰሰው ቆርቆሮና ጉልበት በየትኛው መዝገብ ተጻፈ? ምትክ ቤት ወይም የኮንዶሚኒየም ዕድል የተሰጠው ነዋሪ ብዙ መሆኑ አይካድም። በደባልነት ይኖር የነበረው ግን ብዙውን ጊዜ ዕቃውን ይዞ ወጣ።

ዛሬ አብዛኛው ተከራይ ተመልሶ ከግለሰብ አከራይ ጋር ተፋጧል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። የብዙ ሰው ዓይን ያረፈው በዋጋው ቁጥጥር ላይ ነው። በእኔ አመለካከት ግን ለጣራው ጉዳይ ከዋጋው ይልቅ ውሉ በጽሑፍ መሆኑና «ነገ ልቀቅ» ማለት መከልከሉ ይበልጣል። በ1952 ዓ.ም. የተጻፈው የአከራይ ግዴታ ያኔ ለድሃው ያልሠራው ማስረጃና ዋስትና ስላልነበረው ነውና። አሁን ውል የሚፈራረም ሰው ጣራው፣ ቧንቧው፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ የማን እንደሆነ በዚያው ወረቀት ላይ ማስፈር ይችላል፤ ይገባዋልም።

ታሪኩ የሚያስተምረን ርካሽ ኪራይና ደህና ቤት አንድ አለመሆናቸውን ነው። ተከራይ የኪራይ ቅናሽ ብቻ ሳይሆን ስሙን የሚያውቀው ተጠያቂና ከተጠያቂው የተለየ ዳኛ ያስፈልገዋል። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ምን እንደሚሆን በየሠፈሩ ገና ሳይፈርሱ የቆሙት የቀበሌ ቤቶች ይመሰክራሉ።