በሬ የተራመደበት የብስክሌት መንገድ

በጂኦግራፊ ትምህርት «የመርከብ ቦይ» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ስዌዝን ብቻ ነው። በስዊድን አገር ግን ጎታ የሚባል ቦይ አለ፤ ከቬነር ሐይቅ ተነሥቶ በቬተር ሐይቅ በኩል እስከ ባልቲክ ባሕር ይደርሳል። ዛሬ በዳሩ ባለው የጠጠር መንገድ ብዙ ሰዎች ደኑንና እርሻውን እያዩ በብስክሌት ይጓዛሉ። መንገዱ ግን ለእነርሱ አልተሠራም፤ ጀልባ በገመድ የሚጐትቱ በሬዎችና ፈረሶች የሚራመዱበት ነበረ።

ሥራውን በ1810 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ያስጀመረው ባልትሳር ፎን ፕላተን ነው። ከ190 ኪሎ ሜትሩ ውስጥ 87ቱ ተቈፍሮ የተገኘ ሲሆን፣ ቈፋሪዎቹም አካፋ የያዙ 58,000 ያህል ወታደሮች ነበሩ። ምስጋናው ሁሉ ለአንድ ሰው መሰጠቱ፣ በእኔ አስተያየት፣ ትክክል አይደለም። ምድሩ ወጣ ገባ ስለ ሆነ፣ በሁለት በሮች መካከል ውሃ እየተሞላና እየተለቀቀ ጀልባውን እንደ ደረጃ የሚያወጡና የሚያወርዱ 58 የውሃ ክፍሎች ተሠሩ።

ቦዩ የተመረቀው በ1832 ነው። በ1862 ከስቶክሆልም እስከ ጎተንበርግ የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ ጭነቱን ባቡር ወሰደበት። ፎን ፕላተን ምረቃውን አላየም፤ በ1829 ሞቶ በሞታላ ከተማ ከቦዩ ዳር ተቀበረ።