ልእከተ ብርሃን

በእንግሊዝኛ «ፍሪ ስፔስ ኦፕቲካል ኮሙኒኬሽን» የሚባለው፣ መልእክትን ያለ ሽቦና ያለ ፋይበር በሌዘር ጨረር ላይ ጭኖ ከሰገነት ወደ ሰገነት በአየር የማስተላለፍ ጥበብ፣ በአማርኛ «ልእከተ ብርሃን» ቢባል የተገባ ይመስለኛል፤ «ነጻ ሕዋ» ያልን እንደ ሆነ አንባቢው ሕዋን ጠፈር፣ ነጻንም ያለ ዋጋ የሚሰጥ አድርጎ ይረዳዋልና።

ጥበቡ ጥንታዊ ነው፤ አሌክሳንደር ግርሃም ቤልና ረዳቱ ቴይንተር በ1880 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዋሽንግተን የሰውን ድምፅ በፀሐይ ብርሃን 213 ሜትር ያህል ልከዋል። በዚሁ አቆጣጠር በ2021 ደግሞ «ታራ» የተባለው የሌዘር መሣሪያ የኮንጎን ወንዝ አሻግሮ ብራዛቪልን ከኪንሻሳ አገናኝቷል።

የጥበቡ ጽኑ ባላጋራ ግን ጉም ነው። በክረምት ማለዳ ጉም መርካቶ ላይ ሲተኛ፣ የራጉኤል ጉልላትና የአንዋር መስጊድ ሚናሬት ከዓይን የሚሰወሩት ብርሃን ስለ ጠፋ አይደለም፤ የጉሙ ነጠብጣብ፣ ስፋቱ ከ1 እስከ 20 ማይክሮሜትር ያህል በመሆኑ ከብርሃን ሞገድ ጋር ተቀራርቦ ጨረሩን በየአቅጣጫው ስለሚበትነው ነው እንጂ፤ ጉም ነጭ ሆኖ የሚታየንም ስለዚሁ ነው። ሞገዱ 1.55 ማይክሮሜትር የሆነው የመልእክት ሌዘርም ከዚህ ዕጣ አያመልጥም። ሰው 200 ሜትር ብቻ አርቆ በሚያይበት ጉም ውስጥ፣ በቀጥታ ከሚጓዘው ብርሃን 200 ሜትር ላይ የሚቀረው ከመቶ 2 እጅ ያህል ሲሆን፣ 400 ሜትር ላይ የሚደርሰው የዚያው 2 እጅ ከመቶ 2 እጅ፣ ማለት ከ10,000 4 እጅ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከእንጦጦ ራስ ወደ መርካቶ ጨረር ለመወርወር የሚያስብ ሰው በክረምት ተስፋው አጭር ነው፤ ነገር ግን ከሸማ ተራ ወደ ቦምብ ተራ፣ ከፎቅ ወደ ፎቅ፣ መንገድ ተቆፍሮ የባለ ሱቁ ደጅ ሳይዘጋ፣ የጉሊት ቸርቻሪዋም ከቦታዋ ሳትነሣ፣ 100 ሜትር የሚያሻግር ልእከተ ብርሃን ጉሙን ሊቋቋመው ይችላል፤ ለእኔም የዚህ ጥበብ ትልቁ በረከት በእንዲህ ያለው ጥብቅ ሠፈር ይታየኛል።

የጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ2018 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጅግ አጭርና ብርቱ በሆነ ሌዘር በአየሩ ውስጥ የግፊት ሞገድ አስነሥተው ነጠብጣቡን ወደ ዳር በመግፋት፣ በጉም መካከል ለሌላው ጨረር መተላለፊያ መክፈት እንደሚቻል በቤተ ሙከራ አሳይተዋል። ይህ ከቤተ ሙከራ እስኪወጣ ድረስ፣ ሞገዱ 4 ሚሊሜትር ያህል የሆነ ሬዲዮ በዚያው ሰገነት ላይ አብሮ ይተከል፤ ሬዲዮውን የሚያደክመው የዝናብ ጠብታ እንጂ ጉም አይደለምና፣ ብርሃኑ ሲደክም ሬዲዮው መልእክቱን ይቀበለዋል።