ዴቪድ ሂዩዝ፡- አንድ መሐንዲስ፣ ሦስት ፈጠራዎች፣ ሦስት ዕጣዎች

አንድ የፈጠራ ሥራ ከሠሪው እጅ ወጥቶ ወደ ሕዝብ የሚደርስበት መንገድ ብዙ ነው። አንዱ በፈጠራ ባለቤትነት መብት (ፓተንት) ተጠብቆ ለገበያ ይቀርባል፤ ሌላው ማንም እንዲጠቀምበት ያለ ክፍያ ይለቀቃል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሳይጻፍና ሳይመዘገብ ከሠሪው ቤት ሳይወጣ ይቀራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ዴቪድ ኤድዋርድ ሂዩዝ በሦስቱም መንገዶች ያለፈ ሰው ነው። ታሪኩ ፈጠራ ሲጠበቅ፣ ሲለገስና ሲደበቅ ምን እንደሚሆን በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሙዚቃ ወደ ቴሌግራፍ

ሂዩዝ በ1831 ከዌልሳዊ ቤተሰብ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በቨርጂኒያ ግዛት ኖረ። ቤተሰቡ ሙዚቀኛ ስለነበር ሂዩዝም በሙዚቃ ተክኖ በወጣትነቱ በኬንታኪ ግዛት ባርድስታውን ከተማ በሚገኝ ኮሌጅ የሙዚቃ መምህር ሆነ። በኋላም የተፈጥሮ ሳይንስን አስተምሯል።

በዚያ ዘመን የርቀት መልእክት የሚተላለፈው በዋናነት በሞርስ ቴሌግራፍ ነበር። ላኪው እያንዳንዱን ፊደል በአጭርና በረጅም ምልክቶች ይልካል፤ ተቀባዩ ደግሞ ምልክቱን ፈትቶ ወደ ፊደል ይመልሳል። ሥራው የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል፤ ስሕተትም አያጣውም። ሂዩዝ ያሰበው መልእክቱ በተቀባዩ ዘንድ በቀጥታ በፊደል ታትሞ የሚወጣበትን መሣሪያ ነበር።

የተጠበቀው ፈጠራ፡- አታሚው ቴሌግራፍ

የሂዩዝ መሣሪያ የፒያኖ ቁልፎችን የሚመስሉ 28 ቁልፎች ነበሩት። በመስመሩ ሁለት ጫፎች ፊደላት የተቀረጹባቸው ጎማዎች በእኩል ፍጥነት ይሽከረከራሉ። ላኪው አንድን ቁልፍ ሲጫን፣ ያ ፊደል ከወረቀቱ ትይዩ በሚደርስበት ቅጽበት አንድ የኤሌክትሪክ ምት በመስመሩ ላይ ይተላለፋል። በተቀባዩ በኩል ያለው ኤሌክትሮማግኔትም ወረቀቱ በቀለም ከተቀባው ጎማ ጋር እንዲነካካ ያደርጋል፤ ፊደሉም ይታተማል። ሞርስ ለአንድ ፊደል ብዙ ምልክት ሲፈልግ፣ ለሂዩዝ መሣሪያ አንድ ምት ይበቃው ነበር።

ከባዱ ጥያቄ እጅግ ተራርቀው የሚገኙ ሁለት ጎማዎች እንዴት ሳይቀዳደሙ ይሽከረከራሉ የሚለው ነበር። መልሱን የሰጠው የሙዚቃ ዕውቀቱ ነው። የሚርገበገብ የብረት ዘንግ ልክ እንደ ሙዚቃ መሣሪያ የራሱ የሆነ ቋሚ የርግብግቢት መጠን እንዳለው ያውቅ ነበርና፣ ይህንኑ የፍጥነት መቆጣጠሪያ አደረገው።

ሂዩዝ ለዚህ ሥራው በ1856 የአሜሪካን ፓተንት አገኘ። መብቱንም የሞርስን የበላይነት ለመገዳደር ለሚፈልጉ የቴሌግራፍ ነጋዴዎች ሸጠ። ቀጥሎ ወደ አውሮፓ ተሻገረ። የፈረንሳይ መንግሥት መሣሪያውን ከፈተነ በኋላ በ1860ዎቹ መጀመሪያ ተቀበለው፤ ሌሎች የአውሮፓ አገሮችም ተከተሉ። በ1868 በቪየና የተካሄደው ዓለም አቀፍ የቴሌግራፍ ጉባኤም በአገሮች መካከል በሚዘረጉ መስመሮች ላይ እንዲሠራበት ወሰነ። የሙዚቃ መምህሩ በዚህ አንድ ፓተንት ባለጸጋ ሆነ።

የተለገሰው ፈጠራ፡- ማይክሮፎኑ

ሂዩዝ በ1870ዎቹ መገባደጃ ኑሮውን በለንደን አድርጎ በራሱ ገንዘብ በቤቱ ውስጥ ይመራመር ጀመር። መሣሪያዎቹን ከተራ ዕቃዎች ይሠራ ነበር። በሁለት ሚስማሮች ላይ ሦስተኛ ሚስማር አግድም ቢጋደምና የኤሌክትሪክ ጅረት ቢያልፍበት፣ ላላ ያለው ንክኪ ጥቃቅን ድምፆችን እንኳ ተቀብሎ ወደ ጅረት መለዋወጥ እንደሚቀይር አስተዋለ። ከሰል ሲጠቀም ደግሞ ውጤቱ ይበልጥ ተሻለ።

በግንቦት 1878 ግኝቱን በብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር በሮያል ሶሳይቲ ፊት አቀረበ። ፓተንት ግን አልጠየቀም፤ ማንም ሊሠራበት እንዲችል በይፋ ለቀቀው። ቶማስ ኤዲሰን ቀደም ሲል በከሰል የሚሠራ የስልክ ድምፅ ማስተላለፊያ አዘጋጅቶ ስለነበር ሐሳቤ ተወሰደብኝ ሲል ወቀሰው፤ ክርክሩም በጋዜጦች ላይ ወጣ። የቀዳሚነቱ ጥያቄ ቢያከራክርም፣ በላላ ንክኪ ላይ የተመሠረተው ስልት ለስልክ ቴክኖሎጂ ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል። ሂዩዝ እንዲህ መለገስ የቻለው ከአታሚው ቴሌግራፍ ያገኘው ገቢ ኑሮውን ስላረጋገጠለት እንደሆነም ልብ ማለት ያስፈልጋል።

የተደበቀው ፈጠራ፡- የሽቦ አልባው ምልክት

በ1879 ሂዩዝ ሌላ ነገር አስተዋለ። በቤቱ ውስጥ አንድ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ብልጭታ ባወጣ ቁጥር፣ በሽቦ ከእርሱ ጋር ካልተገናኘ የስልክ ማዳመጫ ድምፅ ይሰማ ነበር። ማዳመጫው ከማይክሮፎኑ ንክኪ ጋር የተያያዘ ነው። ሂዩዝ አስተላላፊውን እቤቱ ትቶ ተቀባዩን በእጁ ይዞ በግሬት ፖርትላንድ ጎዳና እየተራመደ አዳመጠ። ምልክቱም እስከ 500 ያርድ፣ ማለትም እስከ 450 ሜትር ገደማ ድረስ ተሰማው።

የካቲት 20 ቀን 1880 የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ዊልያም ስፖቲስውድ፣ ቶማስ ሃክስሊና ጆርጅ ስቶክስ መጥተው ሙከራውን ተመለከቱ። ስቶክስ ግን ክስተቱ ቀድሞ በሚታወቀው ኢንዳክሽን ሊብራራ ይችላል፣ አዲስ ነገር የለውም አለ። በዚያን ጊዜ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል የኤሌክትሮማግኔት ሞገዶች መኖርን በሒሳብ ተንብዮ ነበር፤ በሙከራ ያረጋገጠ ሰው ግን አልነበረም። ሂዩዝ በዚህ ፍርድ ቅስሙ ተሰበረ። ምክንያቱን በሚገባ እስካላሳየ ድረስ ላለመጻፍ ወሰነ፤ ውጤቱንም ሳያሳትም ቀረ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1887 እና 1888 ጀርመናዊው ሃይንሪክ ኸርዝ የሞገዶቹን መኖር በሙከራ አረጋግጦ አሳተመ። በ1896 ደግሞ ጉሊዬልሞ ማርኮኒ በብሪታንያ ለሽቦ አልባ ቴሌግራፍ የፓተንት ማመልከቻ አስገባ። የሂዩዝ ሙከራ ለሕዝብ የታወቀው በ1899፣ ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። የቀዳሚነቱ ክብር ያን ጊዜ በሌሎች እጅ ገብቶ ነበር።

ከታሪኩ የሚቀረው

ሂዩዝ በጥር 1900 በለንደን አረፈ። የሀብቱን አብዛኛውን ክፍል ለአራት የለንደን ሆስፒታሎች አወረሰ። ሮያል ሶሳይቲም በስሙ የሂዩዝ ሜዳልያን አቋቁሞ ከ1902 ጀምሮ ለታላላቅ ተመራማሪዎች ይሸልማል።

ማይክሮፎኑ ፓተንት ባይኖረውም የሂዩዝ ስም አልጠፋም፤ በጊዜው ጽፎ በአደባባይ አቅርቦታልና። የሽቦ አልባው ሙከራ ግን ፓተንትም ጽሑፍም ስላልነበረው ዓለም ሌሎች ዳግመኛ እስኪያገኙት ድረስ ሳይጠቀምበት ቆየ። መብትን ማስመዝገብ ለፈጣሪው ገቢ ያስገኛል፤ ማሳተም ስሙን ያጸናል፤ ሁለቱም የቀሩበት ፈጠራ ግን የቱንም ያህል ታላቅ ቢሆን በአንድ ሰው ቃል ይዳኛል። አንድ የተከበረ ሊቅ አዲስ አይደለም ባለው ነገር ላይ እንኳ ሙከራውን ከነቀኑና ከነውጤቱ መዝግቦ ለሌሎች ማስቀመጥ እንደሚገባ የሂዩዝ ሕይወት ያስተምራል።