በአደባባይ የቆሙ ሴቶች

ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቴአትር ስናጠና እናት ሆና የምትጫወት ተማሪ አጣን። አንዲት ጓደኛችን ፈቃደኛ ነበረች፤ ነገር ግን አባቷ «ልጄን አዝማሪ ልታደርጉብኝ ነውን?» ብለው ከለከሏት። አዝማሪነት ስድብ መሆኑ ራሱ የሚያሳዝን ነው። እኛም ነገሩ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ስንል ታሪክ ማገላበጥ ጀመርን፤ ያገኘነውንም ለአንባብያን እነሆ እናቀርባለን።

የአባትየው ቃል አዲስ አይደለም። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ እንኳ፣ ለብዙ ጊዜ በመድረክ ላይ ሴት ሆነው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ጎልማሳ ሰው ጢሙን ተላጭቶ ሙሽራ ሆኖ ሲወጣ በዓይነ ኅሊናችን እያየን ብዙ ሳቅን። ይህን ልማድ ከሰበሩት ቀደምት ሴቶች አንዷ ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ናቸው። እሳቸውም ተዋናይ ብቻ ሳይሆኑ ክራር ደርዳሪና ዘፋኝ ነበሩ፤ በ2004 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ስማቸው ከክራር ተለይቶ አያውቅም። በራዲዮም በኩል ወይዘሮ ሮማነወርቅ ካሳሁን ከመጀመሪያዎቹ ሴት ጋዜጠኞች መካከል ይቆጠራሉ።

ከሁሉ ይልቅ ግን ልባችንን የነካው የወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ታሪክ ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ገና በልጅነታቸው ወደ ስዊስ አገር ልከው አስተማሯቸው። ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ወይዘሮ ስንዱ ተይዘው አዚናራ ወደምትባለው የኢጣሊያ ደሴት ተጋዙ። ከነፃነት በኋላ ከእስር የተረፈ ሰው ዕረፍት ይሻል ብለን እንገምት ነበር። እሳቸው ግን የመረጡት መምህርነትን ነው፤ በመጀመሪያ በደሴ፣ ቀጥሎም በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት፣ በዚያም እስከ ዲሬክተርነት ደረሱ። ቴአትር እየደረሱ ተማሪዎቻቸውን መድረክ ላይ ያቆሟቸው ነበር። ትምህርት ቤቱ የሴቶች ስለ ነበረ፣ በከተማው ቴአትር ቤት ወንዱ ሴት ሲሆን በዚያ ሴቷ ወንድ ሳትሆን አልቀረችም! ድርሰቶቻቸውም «የልቤ መጽሐፍ» በተባለው መጽሐፍ በ1942 ዓ.ም. ታትመዋል።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት ሰጠ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1957 በተደረገው ምርጫም ወይዘሮ ስንዱ አሸንፈው በሕግ መምሪያ ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆኑ፤ በኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ተብለው ተመረጡ። ያን ሁሉ ወንድ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሳለ ቆሞ መናገር ቀላል አልነበረም። እኛ ግን የምናደንቀው ከዚያ በፊት ያደረጉትን ነው፤ ወንበሩን ከማግኘታቸው አስቀድሞ በመቶ የሚቆጠሩ ልጃገረዶች በሰው ፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲናገሩ አለማምደው ነበርና። ያረፉት በ2001 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው ነው።

ይህን ጽሑፍ ከማሳተማችን በፊት ለጓደኛችን አባት አነበብንላቸው። አቋርጠውን «ከንቲባው ራሳቸው ናቸው የላኳት?» ሲሉ ጠየቁን። አዎን አልናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ሳይመሽ ትመለስ» አሉ። ስለዚህም ጥናታችን አሁን የሚያልቀው ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ነው።