ግርሻ በጥቁር አንበሳ

በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ የባክቴሪያ መርዛማ ቁሶች የሰውነትን የመጀመሪያ ተከላካይ ሴሎች እንዴት እንደሚያነሣሡ በተጠናበት ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ስፍራ አለው። ጥናቱ የተካሄደው ግርሻ በተባለ የትኩሳት በሽታ ላይ ነው፤ በሰውነት ቅማል የሚተላለፈው ይህ በሽታ፣ ድህነትና መጨናነቅ ባየለበት ሁሉ ሲመላለስ የኖረ ሲሆን፣ መንሥኤውም ቦሬሊያ ሪከረንቲስ የተባለ ጠመዝማዛ ባክቴሪያ ነው። ሐኪሞችን እጅግ ያስጨነቀው ግን የሕክምናው መዘዝ ነበር፤ ፔኒሲሊን ከተሰጠ ከጥቂት ሰዓት በኋላ በሽተኛው በብርቱ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ያሻቅባል፣ ቀጥሎም የደም ግፊቱ ያሽቆለቁላል፣ አንዳንዱም ይሞታል። ያሪሽ-ሄርክስሃይመር የሚባለው ይህ ምላሽ የሚነሣው፣ ሞኖሳይት የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ከባክቴሪያው በሚወጡ ቁሶች ተቀስቅሰው፣ ቲኤንኤፍ የተሰኘውንና እብጠትን የሚያቀጣጥለውን ፕሮቲን ከልክ በላይ ሲያመነጩ ነው።

ዶክተር ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቻቸው በዚሁ ሆስፒታል አካሂደው እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ቲኤንኤፍን የሚያመክን ከበግ የተገኘ ፀረ እንግዳ አካል ከፔኒሲሊን አስቀድሞ ከተሰጣቸው 20 በሽተኞች ምላሹ የታየው በ10ሩ ሲሆን፣ ካልተሰጣቸው 29 ግን በ26ቱ ላይ ታይቷል፤ ይህም ሕመምተኛውን የሚጎዳው የራሱ ሴሎች ምላሽ ጭምር መሆኑን በሰው ላይ ያሳየ ብርቅ ማስረጃ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣ ሌላ ጥናት፣ ዋናው ቀስቃሽ በባክቴሪያው ሽፋን ላይ የሚገኝ ሊፖፕሮቲን፣ ማለትም ስብ የተጣበቀበት ፕሮቲን፣ መሆኑን ለየ፤ ባክቴሪያው መልኩን እየለወጠ ከፀረ እንግዳ አካላት የሚያመልጠውና ትኩሳቱም የሚያገረሸው በዚሁ ፕሮቲን ነው።