ጥርኝና ዝባድ በወለጋ



ዛሬ የምናወሳው ከደን ተይዞ ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦችን ስላኖረው እንስሳ፣ ስለ ጥርኝ ነው። ከእርሱ የሚገኘውን ዝባድ የነቀምቴና የአካባቢዋ አዛውንቶች በሚገባ ያውቁታል። ስሙ ዐረብኛ ነው፤ ፈረንጆች «ሲቬት» የሚሉትም ከዚሁ «ዘባድ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከወለጋና ከአጎራባቾቿ ወደ ሰሜን የሚጓዘው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቡናና ዝባድ ነበር፤ መደበቅ አይገባንምና ባሪያም ነበር። ነጋዴዎቹ በአብዛኛው ሙስሊሞች ነበሩ። ዓባይን ተሻግረው ጎጃም ባሶ ገበያ ያደርሱታል፤ ከዚያ በጎንደር አድርጎ ወደ ምጽዋ ይወርዳል። ይህን ሀብት ለመቆጣጠር የሸዋው ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እ.ኤ.አ. በ1882 ሆሮ ጉዱሩ ውስጥ እምባቦ ላይ ተዋጉ። ምኒልክ ድል አደረጉ፤ የነቀምቴው ገዥ ሞረዳ በከሬም ገበሩላቸው።

ዝባዱ እንዲህ ይገኛል። ወንዱ ጥርኝ በወጥመድ ተይዞ፣ መዞር እንኳ በማያስችለው የእንጨት ማጎሪያ ይገባል። ማጎሪያው እሳትና ጭስ በማይለየው ጎጆ ይቀመጣል። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ቅቤና ገንፎ ይሰጠዋል። በየዘጠኝ ዐሥር ቀኑ ገደማ ከጅራቱ ሥር ካለው ከረጢት ዝባዱ ይጠረግና በቀንድ ይጠራቀማል። አዝመራ ባልደረሰበት ወርም የሚሸጥ ነገር አለ ማለት ነው። የአርቢነቱ ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረው በአብዛኛው በሙስሊሞች ቤት ነው።

ስለ ንጽሕናው የሚጠይቁን አሉ። ኢማም አን-ነወዊ (እ.ኤ.አ. በ1277 የሞቱት) ዝባድ ጣሂር መሆኑን ጽፈዋል፤ የእንስሳው ፀጉር እንዳይቀላቀልበት ግን መጠንቀቅ ያሻል። ይህ የዝባዱ ጉዳይ ነው። የእንስሳው ጉዳይ ሌላ ነው። ድመት አስራ፣ ሳታበላት፣ ወጥታም እንዳትበላ ከልክላ ስለገደለቻት ሴት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የነገሩንን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። «ጥርኙ ይበላል እኮ» የሚሉን አሉ። እኛ ይህ መልስ አያረካንም፤ ዕድሜውን ሙሉ ሳይዞር የሚኖር ፍጡር ነውና።

ደኑም ሐቅ አለበት። የሚታጎሩት ወንዶች ስለሆኑ አይራቡም፤ የሞተው የሚተካው ሌላ ከዱር ተይዞ ነው። ጥርኝ ደግሞ የዛፍ ፍሬ እየበላ ዘሩን በኩሱ ይበትናል፤ ቡና ለቃሚውና ማር ቆራጩ የሚኖሩበትን ደን ከሚዘሩት አንዱ እርሱ ነው።

ገበያውም እንደ ጥንቱ አይደለም። ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ የዝባድን መዓዛ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1926 ደረሰበት፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ሠራሹ በረከሰ ዋጋ መጣ። ሻኔልን የመሰለው የፈረንሳይ ሽቶ ሠሪም ከ1998 ጀምሮ የእንስሳውን ዝባድ መተዉን አስታውቋል፤ ለእንስሳው ሥቃይ የተነሣው ወቀሳ ገዢዎችን አሽሽቷል። አርቢው ማጎሪያውን ቢያሰፋ ለገበያውም ይበጀዋል፤ እንጨቱም ሙያውም በእጁ ነው።