ይግባኝ ያልነበረው ፍርድ

በአገራችን በንጉሡ ዘመን የተበደለ ሰው «አቤት!» እያለ እስከ ዙፋን ችሎት የሚደርስበት ልማድ ነበረ። ችሎቱ ሁልጊዜ ፍትሕ ይሰጥ ነበር ለማለት አልደፍርም፤ በሩ ግን ነበረ። የአሜሪካን የጦር ጉዳተኞች ታሪክ ስመረምር እጅግ የተገረምሁት ስለዚህ ነው። ስለ ሕግ የበላይነት ለዓለም የሚሰብከው ያ መንግሥት ለገዛ ወታደሮቹ የፍርድ ቤትን በር የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1933 የወጣው የቁጠባ ሕግ የጉዳት ካሳን የሚወስነው መሥሪያ ቤት ቃሉ የመጨረሻ እንዲሆን ደነገገ። በዚያው ዓመት የተቋቋመው የይግባኝ ቦርድም የዚያው መሥሪያ ቤት አካል ነበር፤ ተከሳሹም ዳኛውም አንድ ቤት! በዚህ ላይ የ1864 ሕግ ጠበቃ ለአንድ ጉዳይ ከ10 ዶላር በላይ እንዳይቀበል ከልክሎ ነበር። ዓላማው ወታደሩን ከበዝባዥ ደላሎች መጠበቅ ነበር። ይሁንና 10 ዶላሩ በ1985ም 10 ዶላር ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በዚያ ዓመት ገደቡን አጸናው። በ10 ዶላር ማን ይሟገታል?

እግሩን ያጣ ሰው ጉዳቱን ያሳያል። ከቬትናም የተመለሰው፣ ሌሊት እየባነነ የሚነቃው ግን ምን ያሳይ? የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ይህን ሕመም ፒ.ቲ.ኤስ.ዲ. ብሎ በመዝገቡ ያሰፈረው በ1980 ነው። ስም ከተገኘለት በኋላም ሌላ ጣጣ ቀረ፤ የማይታይ ቁስል ስንት በመቶ ነው?

ደረጃዎቹ ዜሮ፣ 10፣ 30፣ 50፣ 70 እና 100 ናቸው። የሚመዘነው ሥቃዩ ራሱ ሳይሆን ሕመሙ በሥራና ከሰው ጋር በመኖር ላይ ያደረሰው ጉዳት ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ወታደር ሐኪም ፊት ሲቀርብ «ደኅና ነኝ» ማለት ይቀናዋል (የእኛም ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ነው የሚጀምረው)፤ ያቺ ቃል ተጽፋ 70 የሚገባውን 30 ልታደርገው ትችላለች።

የ1988ቱ ሕግ ልዩ ፍርድ ቤት አቋቋመ፤ ጠበቃም ተገቢ ክፍያ ተቀብሎ በዚያ እንዲሟገት ፈቀደ። ፍርድ ቤቱ በ1990 ማስረጃው በሚዛን እኩል ሲሆን ጥርጣሬው ለወታደሩ እንዲተረጎም አጸና። በ2002 ደግሞ በመመዘኛው የተዘረዘሩት ምልክቶች ምሳሌ እንጂ ሁሉም መሟላት ያለባቸው እንዳልሆኑ ፈረደ። ይህ ሁሉ በችሮታ የመጣ አይደለም፤ የቬትናም ዘማቾች ለዓመታት ታግለውበታል።

ከ2019 ጀምሮ በሚሠራው ሥርዓት፣ በደረጃው ቅር የተሰኘ ሰው ውሳኔው ከተነገረው ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ አዲስ ማስረጃ ያቀርባል፣ ወይም ጉዳዩ ያለ አዲስ ማስረጃ በከፍተኛ መርማሪ እንዲታይለት ይጠይቃል፣ ወይም ለቦርዱ ይግባኝ ይላል። ቦርዱ ካልተቀበለው 120 ቀን አለው፤ ፍርድ ቤቱ ክፍት ነው።

በአሜሪካ ጦር ያገለገሉ የወገኖቻችን ልጆችም አሉ። ካሳውን እንደ ምጽዋት ቆጥረው «ከሰጡን እንቀበል፤ ከከለከሉን እንተወው» የሚሉ ወላጆች ይኖራሉ። 30 የሚለው ደብዳቤ በመሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ያ አንድ ዓመት እየሄደ ነው።

ቸር ይግጠመን።